በአንድ ማሳ የዋሉ እግሮች፦ የፋሲል ተኮላ አየለ የዝሆኔ ምርምር ሲመዘን

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ቀይ ነው። ሐምሌ ሲገባ ጭቃው እንደ ሊጥ ይይዛል። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ማረስ ከመጀመሩ በፊት ኮንጎ ጫማውን አውልቆ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ጭቃ ውስጥ ጫማ አያስኬድም። አንድ ክረምት በዚያው አካባቢ ከአንድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ከሁለት ወንድማማቾች ጋር ሳወራ ዋልኩ። የታላቅየው ግራ እግር ከጉልበቱ በታች አብጦ ቆዳው እንደ ዛፍ ልጥ ሻክሯል፤ ጣቶቹ ሊለዩ አይችሉም። የታናሽየው ተረከዝ ተሰነጣጥቋል እንጂ ሌላ እንከን የለበትም። ከአንድ እናት ተወልደዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያረሱትም አንድ መሬት ነው። ጎረቤቱ መልሱን ከያዘ ቆይቷል፦ «ዘራቸው ነው» ይላል። ይህቺ ቃል ለእህታቸው የተላከውን ሽማግሌ ከመንገድ መልሳለች።

ዘራቸው ከሆነ ታናሽየው እንዴት ዳነ? አፈሩ ከሆነስ? የፋሲል ተኮላ አየለና የባልደረቦቹ ምርምር የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሥራው ባዶ እግርን ለእሳተ ገሞራ ወለድ ቀይ ሸክላ አፈር በማጋለጥ የሚመጣውን የዝሆኔ ዓይነት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ከሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አንጻር የመረመረ ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ጽሑፍ ሲሆን፣ ፋሲል ቀዳሚ ጸሐፊው፣ አብርሃም አሰፋ፣ ቻርለስ ሮቲሚ፣ ሜላኒ ኒውፖርትና ጌይል ዴቪ ደግሞ ከተባባሪዎቹ መካከል ናቸው። ይህን ጽሑፍ ከፊቱ ከቀደሙትና ከኋላው ከተከተሉት ነጥሎ መመዘን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ፋሲል ወደ ዘረመል የደረሰው በረጅም መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአጋሮቹ ጋር ያሳተመው ጥናት በወላይታ ዞን በሽታው የሚያስከትለውን ኪሳራ አሰላ፦ ታማሚው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን ያጣል፤ 1.5 ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት ዞን የዓመቱ ኪሳራ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል። በ2007 እነ ጌይል ዴቪ የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑን፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነትም 63 በመቶው ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። በ2009 ደግሞ ፋሲል ደም ከመቅዳቱ በፊት ሌላ ነገር ጠየቀ፦ በዘር ምርምር መሳተፍ ቤተሰቡን ለመገለል ይዳርገው ይሆን? የፈቃድ አጠያየቁስ ይህን ፍርሃት እንዴት ይሸከመው? እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህንን ጥናት ነው። ለላቦራቶሪ የሚቸኩል ተመራማሪ የሚዘልለውን ደረጃ ይዞ፣ የሰውን ኀፍረት ከምርምሩ ዘዴ አካል አድርጎ ቆጥሮታል።

የ2012ቱ ጽሑፍ አወቃቀር እንደ ጥሩ ትረካ ጥብቅ ነው፤ አንዱ ምዕራፍ የሌላውን ማስረጃ ይፈትናል። መጀመሪያ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ወስዶ በመላው ዘረመላቸው ላይ ያሉትን እጅግ ብዙ ባለ አንድ ፊደል ልዩነቶች ያነጻጽራል። ይህን ያህል ቦታ ሲፈተሽ በአጋጣሚ ብቻ ከበሽታው ጋር የተያያዘ የሚመስል ነገር መገኘቱ ስለማይቀር፣ የመስኩ ሕግ ጠንካራ ማስረጃ ይጠይቃል። ጽሑፉ ያንን ደፍ አልፏል። ከዚያ በ202 ቤተሰቦች፣ በእናት፣ በአባትና በታማሚ ልጅ፣ ውጤቱን ደግሞ ይፈትነዋል። ይህ የእጅ ሥራው ብልሃት የሚታይበት ቦታ ነው። ታማሚና ጤነኛ ከተለያየ የዘር ሐረግ ቢመጡ ንጽጽሩ ሊያሳስት ይችላል፤ ወላጅና ልጅ ሲነጻጸሩ ግን ያ ጥርጣሬ ይወድቃል፤ የሚታየው ወላጅ ከያዛቸው ሁለት ቅጂዎች የትኛውን ለታማሚ ልጁ እንዳወረሰ ብቻ ነውና። በመጨረሻም በ94 ታማሚዎችና በ94 ጤነኞች ላይ የኤችኤልኤ ዓይነታቸውን በቀጥታ ለየ።

ኤችኤልኤ ምን እንደሆነ አንባቢ በደም ካንሰር ሕክምና በኩል በቀላሉ ይረዳዋል። ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ እ.ኤ.አ. በ1958 በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የለየው፣ በ1980 ኖቤል ያሸለመው ምልክት ነው። የደም ካንሰር የያዘው ሰው የሌላ ሰው መቅኔ ሲሰጠው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የሰጪው ኤችኤልኤ ከተቀባዩ ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ነው፤ ካልተስማማ በሽታ ተከላካዩ ሕዋስ የገባበትን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። የእነ ፋሲል ጽሑፍ ይህን የደጅ ጠባቂ በገበሬ እግር ላይ አገኘው። ሁለተኛው መደብ ኤችኤልኤ የተባለው ክፍል ባዕድ ነገርን ቲ ሴል ለተባለው በሽታ ተከላካይ ሕዋስ አንሥቶ የሚያሳይ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያሳይበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ጥናቱ ከኤችኤልኤ-ዲኪውኤ1 አጠገብ ያለች አንዲት ልዩነት በታማሚዎቹ ዘንድ ጎልታ መታየቷን፣ ንጽጽራዊ ዕድሏም (ኦድስ ሬሾ) 2.44 መሆኑን አሳየ፤ ዲአርቢ1*0701 የተባለው ዓይነትም 2.00 ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ጽሑፉ በሽታው በቲ ሴል የሚመራ የብግነት በሽታ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

«ሊሆን እንደሚችል» የምትለውን ሐረግ አድንቄ አልፋለሁ። የጽሑፉ ቋንቋ ከማስረጃው አይቀድምም። በዚህ መጠን ላለ ግኝት ድምፅ ከፍ ማድረግ ቀላል ነበር፤ ደራሲዎቹ ግን እያንዳንዱን አኃዝ ከእርግጠኝነት ወሰኑ ጋር አስቀምጠው፣ ደካማውን ውጤት ከጠንካራው ለይተው ጠርተውታል።

ይሁንና ሦስት ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው የናሙናው ነው። ከ400 በታች ሰው ላይ የተገኘ ትልቅ አኃዝ ሲደገም ማነሱ የተለመደ ነው፤ ከዚያም በላይ ጥናቱ በአንድ አካባቢ ተወስኖ ስለ በሽታው በጥቅሉ ይናገራል። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚኖሩበት ጎጃም እዚያ የለም። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች በተደረገው አሰሳ ግን ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.3 በመቶው ይህ በሽታ እንዳለባቸው በዚያው በ2012 ታትሟል። የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በሽታው ከወላይታው ገበሬ ጋር በአንድ መዝገብ እንደሚገባ በ2012 መናገር ግምት ነበር።

ይህ ጉድለት በኋላ በፋሲል ተሳትፎ ተስተካክሏል፤ ለዚህም ሙሉ ክብር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ የወጣው ሁለተኛው ጥናት ወላይታን፣ አማራንና ኦሮሞን ያካተቱ 1,892 ሰዎችን መረመረ፤ ከቀድሞዎቹ ጋር ሲደመሩ 2,289 ሆኑ። መልሱ ያው ነበር፦ ሁለተኛው መደብ ኤችኤልኤ። ከዚያ ክልል ውጭ አዲስ ቦታ አልተገኘም። የመሪዋ ልዩነት ንጽጽራዊ ዕድል 1.53 ነው። ልዩነቷ ከመጀመሪያው ጥናት መሪ የተለየች ስለሆነች 2.44ን እና 1.53ን ጎን ለጎን አቁሞ «ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የበሽታው የዘር ጫና መጀመሪያ ከተሰማን ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ያስገነዝባል። የሃይማኖት ሊቃውንት እንደሚሉት ሁለተኛ ምስክር የቆመለት ነገር ጸንቷል፤ መጠኑ ግን በልክ መነገር አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ከባድ ነው። ዘረመል በሩን አሳየን፤ በበሩ የሚገባው ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም። ኤችኤልኤ አንሥቶ የሚያሳየው ነገር ከአፈሩ የትኛው ነው? ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ይህን በሽታ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳ ገብቶ ወደ ሊምፍ መሥመር እንደሚደርስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ የተሠራ የአፈር ጥናትም ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉትን ማዕድናት ከበሽታው ስርጭት ጋር አያይዟቸዋል። ኤችኤልኤ በተለምዶ የሚያሳየው ግን የፕሮቲን ቁራጭ እንጂ ድንጋይ አይደለም። ድንጋዩ ፕሮቲን ያዛባ ይሆን? በድንጋዩ ላይ የተጣበቀ ነገር ይኖር ይሆን? የ2012ቱ ጽሑፍ ከዚህ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት መቆም ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ በዘረመል መመለስ ባይችል እንኳ ክፍተቱን በስሙ ቢጠራው ሐሳቡ ይበልጥ ይጠነክር ነበር። ታማሚ እግር ላይ ያለ ቲ ሴል ተወስዶ ከዚያው ማሳ አፈር ጋር ሳይገናኝ «በቲ ሴል የሚመራ» የሚለው ሐረግ ሙሉ ክብደቱን አያገኝም።

ሦስተኛው ወደዚያ ደጃፍ ይመልሰኛል። ይህ ምርምር የመንደሩን «ዘራቸው ነው» በከፊል አጽድቆታል፤ በቤተሰብ መተላለፉን ሰው ከማይክሮስኮፕ በፊት ያየው እውነት ነበር። በሌላ በኩል ግን ያንን ፍርድ አፍርሶታል። የተጋላጭነት ዓይነቱ በታመሙትም ባልታመሙትም ዘንድ አለ፤ ስለዚህ ማንን ማግባት እንደሚገባ ሊነግር አይችልም። ዘሩን የያዘ ሰውም እግሩ ከዚያ አፈር ከተጠበቀ በሽታው አይመጣበትም። አማርኛ ለዘረመልና ለዘር ሐረግ የሚጠቀመው ቃል ሥሩ አንድ ነው፤ «ዘር» ሲባል ገበሬው የሚሰማው ተጋላጭነት ሳይሆን ፍርድ ነው። በ2009 ስለ መገለል ያን ያህል የተጨነቀው ተመራማሪ፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ይህን መለየት በጽሑፉ ላይ አንድ አንቀጽ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ከዘረመሉ ጎን ደግሞ የእንክብካቤው ማስረጃ አለ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የወጣው ሙከራ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳውን መቀባት፣ ማሠር፣ ማንቀሳቀስና ካልሲና ጫማ ማድረግ በየጊዜው የሚነሣውን ትኩሳትና ሕመም በአማካይ በዓመት ሕክምናው ገና ካልደረሳቸው ታማሚዎች 23.9 ጊዜ ወደ 19.4 ጊዜ ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። ቅነሳው መጠነኛ ቢሆንም ለታማሚው ከማረሻው የማይለይበት ተጨማሪ ቀን ነው። ኤችኤልኤው ይህን ሕክምና ገና አልለወጠውም።

ሥራው በእኔ ግምት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከመሩትና በአንድ የአገራችን በሽታ ላይ ከተጻፉት ጥናቶች ሁሉ በጥያቄ አመራረጡና በማስረጃ ጥብቅነቱ ከፊተኞቹ ተርታ ይቆማል። አንድ ዓረፍተ ነገሩን ግን እንደገና ቢጽፉት ደስ ይለኛል። ማጠቃለያው በሽታው በዘርና በአካባቢ መስተጋብር ለሚመጡ ሌሎች ውስብስብ በሽታዎች አርአያ ሊሆን እንደሚችል በመግለጽ ያበቃል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ለሳይንሱ ዓለምም ያስፈልጋል። ነገር ግን ያን ያህል ደም የሰጡ ሰዎች ታሪክ ወደ ሌላ በሽታ በመመልከት መዘጋት አልነበረበትም፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የታላቅየውን እግር ይዞ ከጭቃው ዳር፣ ጫማው ከተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ ቢቆም ኖሮ።