በሜርኩሪ የተጋረደው ሙዝ

ስለ ታሚሎች የሲድሃ ሕክምና የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፓላኒ ኮረብታ ይነሣል። እዚያ ያለውን የሙሩጋን አምላክ ምስል ቦጋር የተባለው ሲድሃር፣ የሲድሃ ጠቢብ፣ ከዘጠኝ መርዛማ ማዕድናት ቀምሞ ሠራው የሚለው ትውፊት ለጸሐፊ ይመቻል። ሜርኩሪው፣ ድኙ፣ አርሰኒኩ፣ አመድ እስኪሆን የሚቃጠለው ብረት ተራ በተራ ይከተላሉ። ሙዝ ከመጣም የሚመጣው በመጨረሻው ገጽ ላይ ባለ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፦ የተክሉ ስም፣ የሚወሰደው ክፍል፣ የሚያክመው ሕመም። እዚያው ፓላኒ ለምእመናን የሚታደለው ፓንቻሚርታም ግን ዋናው ግብዓቱ ሙዝ ነው፤ ከጥቁር ስኳር፣ ከቅቤ፣ ከማርና ከኮረሪማ ዘመድ ከሆነው ሄል ጋር የተለወሰ ሙዝ። ጸሐፊዎቻችን ምስሉን አንጋጠው ሲያዩ መዳፋቸው ላይ የተቀመጠላቸውን ሳያዩ ወረዱ።

ይህ ዝንጋታ ዋጋ አስከፍሏል ባይ ነኝ። ሲድሃ ሰውነትን ቫታም፣ ፒታምና ካፋም በሚባሉ ሦስት የሰውነት ጠባያት ሚዛን፣ የሚበላውንም በስድስት ጣዕሞች ይመዝናል። ይህ ሚዛን በማዕድናቱ ላይ ሲሠራ ከምሥጢር ጋር ስለሚደባለቅ ለመፈተን ያስቸግራል። በሙዝ ላይ ሲሠራ ግን ሁሉም ነገር ገሃድ ነው፤ ማንም ጓሮ ገብቶ ሊከታተለው ይችላል። አበባው ለወር አበባ መብዛት፣ የግንዱ ልብ ለሽንት መታወክና ለጠጠር፣ ጥሬው ፍሬ ለተቅማጥ፣ የበሰለው ለሆድ ድርቀት ይታዘዛል። አንዱ ተክል፣ አንዳንዴም አንዱ ፍሬ፣ ተቃራኒ ሥራ ይሰጠዋል፤ ልዩነቱን የሚፈጥሩት ክፍሉ፣ ብስለቱና ዝርያው ናቸው። ፓዳርታ ጉና ቺንታማኒ የተባለው የምግቦችን ጠባይ የሚዘረዝር የግጥም መጽሐፍ ሙዝን በጥቅሉ ብሎ አያልፍም፤ ዝርያ ከዝርያ እየለየ ይናገራል። በታሚል ናዱ ገበያ ዛሬም ፔያን ሰውነት ያቀዘቅዛል፣ የተራራው ሙዝ ሆድ ያለሰልሳል፣ ሞንታን ለወጥ ነው ይባላል። ሻጩም ገዢውም ይህን ለይተው ያውቃሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የጉቶው ውሃ ነው። ሙዝ አንዴ አፍርቶ የሚሞት ተክል ነው፤ ዘለላው ከወረደ በኋላ ግንዱ ይቆረጣል፣ ተተኪው ከሥሩ ይበቅላል። ታሚሎች ይህን ግንድ ከመሬት ከፍ አድርገው ይቆርጡና የጉቶውን መሃል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይቦረቡሩታል። አፉን ከድነው ያሳድሩታል። ሲነጋ ጎድጓዳው ውሃ ቋጥሮ ይገኛል፤ ሽንቱ ለሚያቃጥለው ሰው በባዶ ሆዱ ይሰጠዋል። ይህን አሠራር የጠቀሱ ጥናቶች «ጭማቂ» ብለው አልፈውታል። ጭማቂ አይደለም። ማንም አልጨመቀውም፣ አልወቀጠውም። ሥሩ ሌሊቱን ሙሉ ከአፈር የሚስበው ውሃ፣ የሚያተነው ቅጠል ስለሌለ፣ በገዛ ግፊቱ ወደ ላይ ወጥቶ በተቆረጠው አፍ ይንጠባጠባል። የዕጽዋት ሊቃውንት የሥር ግፊት የሚሉት ይህንን ነው፤ ሙዝም በዚህ የታወቀ ነው። አየሩ ቀዝቅዞ አፈሩ እርጥበቱን በሚይዝበት ሌሊት መሰብሰቡ ታዲያ ለወግ ብቻ የተደረገ አይመስለኝም፤ ፈሳሹ በፀሐይ አይጠፋም፣ በሙቀትም ቶሎ አይቦካም። ግንዱን ወቅጦ የሚጨምቅ ሰው የሚያገኘው ልብስ የሚያጠቁር፣ አፍ ጭምድድ የሚያደርግ፣ ቃጫ የበዛበት ፈሳሽ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች በይዘታቸው አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ገበሬውም የሚያጣው ነገር የለም፤ ፍሬውን ሸጧል፣ ግንዱም ለመጣል የተዘጋጀ ነበር። መድኃኒትን ከምርት ትርፍ ሳይቀንሱ ማግኘት የሚችል ሥርዓት፣ ወርቅ አቃጥሎ አመድ ከሚያደርግ ሥርዓት በላይ ብልሃተኛ ነው ብዬ ለመከራከር አላፍርም።

የግንዱ ልብም እንዲሁ በእጅ ሥራ የሚመጣ ነው። ልጣጩ ተራ በተራ ተገፎ ነጩ እምብርት ሲደረስ በስሱ ይከተፋል። በየክቡ መካከል የሚጎተተው ቃጫ በጣት ላይ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ የተከተፈው እንዳይጠቁር ወዲያው አሬራ ውስጥ ይገባል። አበባው ደግሞ ከዚህ የባሰ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ የአበባው ሽፋን ቅጠል ሥር በረድፍ የተደረደሩት ትናንሽ አበቦች አንድ በአንድ ተይዘው፣ ጫፉ የከበደው ጠንካራ ዘንግና አብሮት ያለው ስስ ቅርፊት ይነቀላሉ፤ ካልተነቀሉ አይበስሉም። አንድ የሙዝ አበባ ማጽዳት ግማሽ ጧት ይወስዳል። ይህን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፣ የሚበሉትም በወር አበባቸው ብዙ ደም የሚፈስሳቸው ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው ግን የሥርዓቱ መሥራቾች ከሚባሉት ከአሥራ ስምንቱ ሲድሃሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ዝርዝሩ ማድ ቤት አይገባም። እኔ ግን የሲድሃ እውነተኛ ቀማሚዎች እነማን ናቸው ተብዬ ብጠየቅ መጀመሪያ የምጠራው እነርሱን ነው።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንምጣ። ሙዝን ከዝንጋታ ያድነዋል የተባለው ምርምር ዝርያውን በመደምሰስ ይጀምራል። ጥናቶቹ በአብዛኛው ሙሳ ፓራዲሲያካ ብለው ይጽፋሉ፤ የዕጽዋት ሊቁ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የሰጠው ስም ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው የሚበሉት ሙዞች አብዛኞቹ የሁለት ዱር ዝርያዎች፣ የሙሳ አኩሚናታና የሙሳ ባልቢሲያና፣ ዲቃላዎች ናቸው፤ ድርሻቸውም ይለያያል። ራስታሊ የተባለው ዝርያና ሞንታን በአንድ ስም ሲጠሩ የገበያዋ ሴት የምታውቀው ነገር በመጽሔቱ ላይ ይጠፋል። ይህ የስም አጠራር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በብሪታንያ የታተመ ጥናት በአስፒሪን የቆሰለ የአይጥ ጨጓራ ላይ ያልበሰለ የፕላንቴን፣ ማለትም ተበስሎ የሚበላ ሙዝ፣ ዱቄትን ሞክሮ ቁስሉን እንደሚከላከልና እንደሚያድን አሳየ፤ የጣፋጩ ሙዝ ዱቄት ግን አልሠራም። የትኛው ሙዝ፣ በምን ብስለት የሚለው የሲድሃ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም። ለሲድሃ የሚሟገቱት ጸሐፊዎች ግን ይህንኑ ጥናት «ሙዝ ጨጓራ ያድናል» ለማለት ይጠቅሱታል።

ጠጠሩ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ የግንዱ ቅምር በሽንት ውስጥ ያለውን ኦክሳሌት ቀንሷል፤ ካልሲየሙን ግን አልነካውም። ለኦክሳሌት ጠጠር ተስፋ ሰጪ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አይደለም። ግንዱ ሽንትን ከአሲድነት ያወጣል የሚለው ማስረጃ ቢያዝ እንኳ፣ የዩሪክ አሲድ ጠጠርን የሚያሟሟው ይኸው ለውጥ የካልሲየም ፎስፌት ጠጠርን ያባብሳል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ፖታሲየም የበዛበት መጠጥ ልቡን ሊያቆም ይችላል። በእሽግ የሚሸጠው የግንድ ዱቄት ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ዝርያው አይታወቅም፤ አሬራው፣ ሌሊቱ፣ የታማሚውን ጠባይ የሚመዝነው ሐኪምም ቀርተዋል። ሲድሃን ከሜርኩሪው ጥላ አውጥቶ ወደ ዱቄት ከረጢት መክተት ማሻሻል አይባልም።

እኛ ዘንድ የዝርያን ነገር ለመረዳት የማይከብደው ገበሬ ጉራጌ ውስጥ ይገኛል። እንሰት የሙዝ ቤተሰብ ነው፤ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ግን ያገኙት እንሰት አሚቾ አይቀቀልለትም። አስታራ የተባለው ዝርያ ይፈለጋል። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚሰጠው በዝርያው ስም ነው።

ቅጠሉን በአጭሩ አልፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተሙ የሙምባይ ሐኪሞች ሥራዎች የሙዝ ቅጠልን ለቃጠሎና ቆዳ ለተወሰደበት ቁስል መሸፈኛ አድርገው በጎ ውጤት ዘግበዋል። ሲድሃን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። ሐኪሞቹ ያገኙት ጥቅም ግን ቅጠሉ ልሙጥና ርካሽ ስለሆነ፣ ቁስሉ ላይም ስለማይጣበቅ ነው፤ ቫታምም ፒታምም አልተነሡም።

የማልምረው ግን የእባብ ንክሻ ምክሩን ነው። በታሚል ገጠር የተነደፈ ሰው የሙዝ ግንድ ጭማቂ ይጠጣ የሚለው ምክር አሁንም ይነገራል፤ የቤት ውስጥ መድኃኒት መጻሕፍትም ያለ ኀፍረት ይደግሙታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የብራዚል ተመራማሪዎች ጥናት የሙዝ ፈሳሽ ከመርዝ ጋር በብልቃጥ ሲደባለቅ አንዳንድ የመርዙን ጠባያት እንደሚያዳክም፣ መርዝ የተወጋን አይጥ ግን እንደማያድን አሳይቷል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የሚጠቅስ ጸሐፊ ሰው ይገድላል። ከቼናይ ደቡብ ባለችው ቫዳኔሜሊ ደግሞ የኢሩላ ጎሣ እባብ አዳኞች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የኮብራን፣ ክሬት የተባለውን እባብና የሁለት ዓይነት እፉኝቶችን መርዝ እያለቡ ለፀረ መርዝ አምራቾች ያቀርባሉ። እነርሱም ከአባቶቻቸው የወረሱት ዕፀ መድኃኒት አላቸው። የሚያልቡት መርዝ የሚሆነው ፀረ መርዝ ግን የሚሰጠው በሆስፒታል በመርፌ ነው፤ የተነደፈውም ሰው መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው፣ ጭማቂው እስኪጨመቅ ሳይቆይ።