የሐምሌ በረሃ፦ ስለ ጉዞ ጽሑፍ “መቼት” ጥቂት አስተያየት

“መቼት” የሚለው ሙያዊ ቃላችን “መቼ”ንና “የት”ን አጋብቶ የተፈጠረ መሆኑን የመጀመሪያ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በሒስ ሥራችን ግን ከጥንዱ “የት” እንጂ “መቼ” ብዙም ትኩረት ሲሰጠው አይታይም። ጉድለቱ ጎልቶ የሚወጣው ስለ በረሃና ስለ ቀይ ባሕር ዳርቻ የተጻፉ የጉዞ ጽሑፎችን በአማርኛ ስናነብ፣ ይልቁንም ስንተረጉም ነው።

ለክፍል ልምምድ የምጠቀምበት አንድ ደብዳቤ አለ። ጸሐፊው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ ግጥም ከተወ ከዓመታት በኋላ፣ በታጁራ ለብዙ ወራት ተጉላልቶ፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ የገባው በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲያልቅ ምጽዋ ነበር። ነሐሴ ላይ ከካይሮ ለቤተሰቡ ሲጽፍ፣ ወደዚያ የተሻገረው የቀይ ባሕር ሙቀት አላስቀምጥ ብሎት መሆኑን፣ ሙቀቱም ያለማቋረጥ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ እንደነበር ይነግራቸዋል። ፀጉሩ መሸበቱንም ይጨምራል። ባሕሩ ምን ይመስል እንደነበር፣ ፀሐይዋ እንዴት እንደወጣች አንዲት ቃል የለም።

ቁጥሩን እንደ መለኪያ የሚወስድ አንባቢ ይሳሳታል። በዓለም ላይ በከፍተኛነት የተመዘገበው የአየር ሙቀት እንኳ በ1913 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሞት ሸለቆ የተለካው 56.7 ዲግሪ ነው። የራምቦ 60 ዲግሪ ምሬት ነው። ዘይቤን የተወ ባለቅኔ እንደ ነጋዴ በቁጥር አጋነነ፤ በእኔ አስተያየት ከብዙ የጉዞ መጽሐፍ የተንዛዛ ገለጻ ይልቅ ይህ ደረቅ ቁጥር ይበልጥ ያቃጥላል።

ችግሩ የሚመጣው ተማሪዎች ለትርጉማቸው መግቢያ ሲጽፉ ነው። ግማሾቹ መዝገበ ቃላት ተከትለው ወቅቱን “በጋ” ይሉታል፤ ወሩ ነሐሴ መሆኑን ይረሱታል። ግማሾቹ “ክረምት” ይላሉ፤ ያን ጊዜ ለአንባቢው ጭቃ፣ ጉምና ጃንጥላ ይታየዋል። ሁለቱም የደጋን ዓመት ወደ ባሕር ዳር ይዘው ወርደዋል። ምጽዋ ካላት ጥቂት ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ደጋው በጋ በሆነበት በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው፤ ደጋው በሚጨቀይበት በሐምሌ እርሷ ትነዳለች።

አማርኛ ለሙቀት ቃል አያጣም። ለበረሃው “ሐሩር”፣ ላብ ሳይደርቅ ሌሊቱም ፋታ ሳይሰጥ ለሚያድርበት የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ “ወበቅ” አለን። (“ንዳድ”ማ የበሽታም ስም ነው፤ ደገኛ ቆላን እንዴት ይፈራ እንደነበር ከዚህች ቃል መገመት ይቻላል።) የሚያጥረን የጊዜው ስም ነው። የግእዙን “ሐጋይ” እንመልከት። በባሕረ ሐሳባችን ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ወቅት ነው። አፋሮች ግን “ሐጋይ” የሚሉት ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚውለውን የሚያነድ ወቅት ነው፤ ሶማሌዎችም “ሐጋ” ሲሉ የዓመቱን አጋማሽ ደረቅ ወራት ማለታቸው ነው። ቃሉ ከተራራው ሲወርድ ወሩን ይለውጣል።

በመጻሕፍት የምናውቀው በረሃ በአብዛኛው የቀዝቃዛው ወራት በረሃ መሆኑም ሊታሰብበት ይገባል። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር አዋሽን ተከትሎ የአፋርን ምድር ለማቋረጥ የተነሣው በ1933 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን ታጁራ የደረሰው በ1934 በግንቦት ነው። መምረጥ የሚችል ተጓዥ ወር ይመርጣል። በሐምሌ የሚሄደው አማራጭ የሌለው ነው።

ዛሬ በዚያው መንገድ፣ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፈው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ኦቦክ ድረስ በእግራቸው የሚሄዱት፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት በአብዛኛው የእኛው ወጣቶች ናቸው። ከተመላሾች ቃል በቃል የተቀዱ ትረካዎች በተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ መታየት ጀምረዋል፤ የአማርኛ የጉዞ ሥነ ጽሑፍ የሚያድገው ከእነዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በቅርቡ ካነበብኳቸው በአንዱ፣ ተማሪው በትንተናው ላይ “መቼት፦ ጅቡቲ፣ ክረምት” ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። ተራኪው ግን ክረምት የምትለውን ቃል አንዴም አይጠቀምባትም። ሐምሌ ይላል። አባቱን በጭቃ ማሳ ላይ ጤፍ ሲዘራ ትቶ እንደወጣ፣ በቀናት ውስጥም ጫማው በአለቱ ግለት እንደቀለጠ፣ ጀሪካኑ ሲያልቅ አባቱ እርጥብ ጋቢውን ሲጨምቅ ይታየው እንደነበር ይተርካል። ሁለቱን ሐምሌዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ትንተናው መጀመር የነበረበት እዚያ ላይ ነው፤ ጽሑፉንም ለተማሪው የመለስኩት በዚያች መስመር ላይ ምልክት አድርጌ ነው።