ላንጋኖ፦ የዋናተኞች ሐይቅ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ውሃው ሻይ በወተት የመሰለ ቡናማ ነው፤ ይህን መልክ የሚሰጠው ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ደለል እንጂ ቆሻሻ አይደለም። እስከ ወገቡ የገባ ሰው የገዛ ጉልበቱን አያይም።

ሐይቁን ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው ተብሎ መታወቁ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በሚራቡባቸው ሐይቆች ዳር ሰው እግሩን ለመንከር እንኳ ሲያመነታ፣ እዚህ ቤተሰብ ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ዳርቻው በብዙ ቦታ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አሸዋ በመሆኑ ሕፃናት የወላጅ እጅ ሳይለቁ መንሳፈፍ ይለማመዳሉ። ጠዋት ውሃው ሲረጋ ለረጅም ዋና ይመቻል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሞገዱ ዋናተኛውን አንሥቶ ያወርደዋል። ጉማሬ የሚታይባቸው ዳርቻዎች ስላሉ የአካባቢውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ላንጋኖ ባይኖር ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ዋናን የሚያውቀው ክሎሪን በሚሸት ገንዳ ብቻ በሆነ ነበር። ግድግዳ በሌለው ውሃ፣ ከሞገድ ጋር እየታገሉ መዋኘትን ለብዙዎች ያስተማረው ይህ ሐይቅ ነው።