ንክኪ የመንስኤ ማስረጃ ነውን? የፕሮቲን ቅርጽ ትንተና በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ

በሕክምና መጽሔቶች ላይ አንድ ዓይነት ምስል እየተዘወተረ መጥቷል። በባለቀለም ጥብጣብ የተሣለ ፕሮቲን፣ በመካከሉ በቀይ የተለየ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ከእርሱም ወደ ጎረቤቶቹ የተዘረጉ የነጠብጣብ መስመሮች ይታያሉ። ከሥሩ የሚነበበው መግለጫም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ሚውቴሽኑ ሁለት ወይም ሦስት ንክኪዎችን እንዳቋረጠ፣ በዚህም ፕሮቲኑ እንደተዳከመ፣ ሕመሙ ወይም መድኃኒቱን የመላመድ ባሕርይ ከዚያ እንደመነጨ ይገልጻል። ምስሉ ያማረ፣ አገላለጹም ሳይንሳዊ በመሆኑ ክርክሩ የተዘጋ ይመስላል። ነገር ግን ከአንድ ምስል ወደ አንድ ታካሚ የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው፤ በመካከሉ የተዘለለ ደረጃ ካለ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ምስሉን ያዘጋጀው ተመራማሪ ሳይሆን ታካሚው ነው።

ፕሮቲን በመሠረቱ የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በሚታጠፍበት ጊዜ በቅደም ተከተል እጅግ የሚራራቁ አሚኖ አሲዶች ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚያጸኑትም እነዚህ ግንኙነቶች ናቸው። በተግባር ግን «ንክኪ» የሚለው ቃል የርቀት ስምምነት ነው። አንዱ ተመራማሪ ሃይድሮጂን ያልሆኑ ማናቸውም ሁለት አቶሞች በ4 ወይም በ5 አንግስትሮም ውስጥ ከተገኙ ንክኪ አለ ይላል። ሌላው ደግሞ የሁለቱ አሚኖ አሲዶች ቤታ ካርቦኖች እስከ 8 አንግስትሮም ቢራራቁም እንደ ንክኪ ይቆጥራቸዋል። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። እንግዲህ ወሰኑ በጥቂቱ ሲቀየር የንክኪዎቹ ዝርዝርም አብሮ ይቀየራል። ወሰኑን ሳይገልጽ የተቋረጡ ንክኪዎችን የሚቆጥር ጽሑፍ የላቦራቶሪ ውጤትን ያለ መለኪያ አሃዱ ጽፎ እንደማቅረብ ይቆጠራል።

ሌላም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። አብዛኛዎቹ የፕሮቲን ቅርጾች የተገኙት ክሪስታል ውስጥ በኤክስሬይ አማካይነት ነው። በ2 አንግስትሮም አካባቢ ባለ ጥራት የሃይድሮጂን አቶሞች በአብዛኛው አይታዩም፤ በምስሉ ላይ የሚሣለው የሃይድሮጂን ትስስር ከርቀትና ከማዕዘን የተገመተ ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ምስሉ ግን የብዙ ሞለኪውሎችን አማካይ አቋም የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ነው።

የዚህን ዘዴ ኃይልና ወሰን አብሮ ለማሳየት ከሲክል ሴል በሽታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቻቸው የሕሙማኑ ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ከጤነኛው በተለየ ሁኔታ እንደሚጓዝ አሳይተው በሽታውን የሞለኪውል በሽታ አሉት። በ1957 ቬርነን ኢንግራም ልዩነቱ በቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ የነበረው ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካቱ እንደሆነ አረጋገጡ። ከ146 አሚኖ አሲዶች የተለወጠው አንድ ብቻ ነበር። የሄሞግሎቢንን ቅርጽ በኤክስሬይ የገለጡት ማክስ ፔሩትዝ በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኦክስጅኑን የለቀቀው የሲክል ሄሞግሎቢን ክሪስታል ተጠና፤ በ1997 ደግሞ በ2.05 አንግስትሮም ጥራት ቀረበ። ውኃን የሚሸሸው ቫሊን በጎረቤት ሞለኪውል ቤታ ሰንሰለት ላይ፣ በ85ኛው ፌኒልአላኒንና በ88ኛው ሉሲን መካከል ወደሚገኝ ኪስ ሲገባ ታየ። ሞለኪውሎቹ እንዲህ እየተያያዙ ረጅም ክር ሲሠሩ ቀይ የደም ሕዋሱ የማጭድ ቅርጽ ይይዛል።

ይህ የንክኪ ትንተና ድል ነው። ሆኖም ድሉ የተገኘው ዛሬ በተለመደው አሠራር እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። በጤነኛው ሄሞግሎቢን ላይ 6ኛው ግሉታሚክ አሲድ የሚገኘው በሞለኪውሉ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው። የአንዱን ሞለኪውል ውስጣዊ ንክኪዎች ብቻ የሚቆጥር ሰንጠረዥ በዚህ ቦታ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አያገኝም፤ የሲክል ሄሞግሎቢን አንድ ሞለኪውል ለብቻው ሲታይ ከጤነኛው ጋር እጅግ ተመሳሳይ ነውና። በሽታው የመጣው ከጠፋ ንክኪ ሳይሆን አዲስ ከተፈጠረ ንክኪ ነው፤ ያም በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ሳይሆን በሞለኪውልና በሞለኪውል መካከል፣ ኦክስጅን ሲለቀቅ የሚፈጠር ነው። ሄሞግሎቢን ሲ የሚባለው ዓይነት ነገሩን የበለጠ ያብራራል። በዚያው በ6ኛው ቦታ፣ ያው ግሉታሚክ አሲድ ጠፍቶ ላይሲን ተተክቷል። ነገር ግን ያ ዓይነቱ ክር አይሠራም፤ ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ሰዎች ሕመምም በአብዛኛው ቀላል ነው። ቦታው አንድ፣ የጠፋውም አንድ ሆኖ ሳለ ዕጣው ተለያየ።

በክሪስታል ውስጥ በሞለኪውሎች መካከል የሚታዩ ንክኪዎች ከክሪስታሉ አደራደር ብቻ ሊመጡ ስለሚችሉ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ያደርጓቸዋል። በሲክል ሴል ግን የበሽታው ቁልፍ የተገኘው እዚያው ነበር። ንክኪው እውነተኛ ነው ተብሎ የታመነው በምስሉ ማማር አይደለም። በክሪስታሉ ውስጥ ያለው የሞለኪውሎች ድርድር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከታየው ክር ጋር በመቀራረቡና የተለያዩ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች በፈሳሽ ውስጥ ክር የመሥራት አቅማቸው ተለክቶ ከምስሉ ጋር በመስማማቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ፈራጁ የታካሚው አልጋ ነበር። በ1948 የሕፃናት ሐኪሟ ጃኔት ዋትሰን በሽታውን የወረሱ ጨቅላዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ምልክት እምብዛም እንደማያሳዩ አስተውለው፣ ምክንያቱ የፅንስ ሄሞግሎቢን መብዛት ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። በዚያን ጊዜ የንክኪ ሥዕል ቀርቶ የተለወጠው አሚኖ አሲድ እንኳ አልታወቀም ነበር። የንክኪ ትንተና በኋላ መጥቶ ምክንያቱን ሰጠ፤ በፅንስ ሄሞግሎቢን ጋማ ሰንሰለት 87ኛ ቦታ ላይ፣ ከዚያ ኪስ አጠገብ፣ በትሪዮኒን ፈንታ ግሉታሚን ስላለ ሞለኪውሉ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። የፅንስ ሄሞግሎቢንን ከፍ የሚያደርገው ሃይድሮክሲዩሪያ በ1995 በታተመው የአዋቂዎች ጥናት የሕመም ቀውሶችን መካከለኛ ቁጥር በዓመት ከ4.5 ወደ 2.5 ዝቅ ማድረጉ ታወቀ። እዚህ ላይ ምልከታው፣ ሥዕሉና ሕክምናው ተደጋግፈው ቆመዋል።

ተቃራኒው ታሪክ የቮክሰሎተር ነው። ይህ መድኃኒት የተቀረጸው የሄሞግሎቢንን ቅርጽ መሠረት በማድረግ ነው። በአልፋ ሰንሰለት መነሻ ላይ ካለው ቫሊን ጋር ተጣብቆ ሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን በያዘበት ቅርጹ ያቆየዋል፤ ኦክስጅን የያዘው ደግሞ ክር አይሠራም። አመክንዮው እንከን የሚወጣለት አይመስልም ነበር። በ2019 በታተመው ጥናት ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ታካሚዎች 51 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ደግሞ 7 በመቶ የሚሆኑት ሄሞግሎቢናቸው በደሲሊትር ከ1 ግራም በላይ ጨመረ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በተፋጠነ ሥርዓት ፈቃድ አገኘ። የሕመም ቀውሶች ግን በጉልህ አልቀነሱም። በመስከረም 2024 አምራቹ መድኃኒቱን ከዓለም ገበያ አነሣ፤ የተጠራቀመው የክሊኒክ መረጃ የሕመም ቀውስና የሞት አደጋ ሚዛን መዛባቱን አመልክቶ ነበርና። ቀድሞም ቢሆን ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ ሄሞግሎቢን ለሕብረ ሕዋስ የሚለቀው ሊያንስ እንደሚችል ሥጋት የገለጹ ነበሩ። ንክኪው እውነት ነበር፤ የሄሞግሎቢኑም ቁጥር እውነት ነበር። ታካሚው የሚፈልገው ግን ከሁለቱም ሌላ ነበር፤ ሕመም የሌለበት ቀንና ረዘም ያለ ዕድሜ።

ይህ ማስጠንቀቂያ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2021 ይፋ የሆነው አልፋፎልድ የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል በኮምፒውተር በመተንበይ ታላቅ እመርታ አምጥቷል፤ በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሰዎች ሁለቱ በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው። ቀድሞ ዓመታት ይወስድ የነበረው ሥዕል አሁን በደቂቃዎች ይገኛል። ነገር ግን መሣሪያው የአንዲት ሚውቴሽንን ውጤት ለመዳኘት አልተሠራም፤ ለጤነኛውና ለተለወጠው ቅደም ተከተል እጅግ ተመሳሳይ ቅርጽ ሊሰጥ ይችላል። ከተተነበየ ቅርጽ ላይ ንክኪ ቆጥሮ የበሽታን መንስኤ ማወጅ በግምት ላይ ግምት መደረብ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ከ2004 ጀምሮ በሀገሪቱ የፋልሲፋረም ወባ የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። በ2016 ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ ኬልች 13 በሚባለው የጥገኛ ተሕዋሲው ፕሮቲን 622ኛ ቦታ ላይ አርጂኒን በአይሶሉሲን መተካቱ ተዘገበ። አርጂኒን ኤሌክትሪክ ሙል ያለው፣ አይሶሉሲን ደግሞ ውኃን የሚሸሽ በመሆኑ፣ ለውጡ ንክኪዎችን ያናጋል ብሎ መገመት ለማንም አይከብድም። ይህ ግምት ብቻውን ግን መድኃኒቱ እየተላመደ ነው ለማለት አያበቃም ነበር፤ እየተላመደ አይደለም ለማለትም እንዲሁ። ክብደት ያለው ማስረጃ በ2023 ከኤርትራ ሲታተም፣ በውስጡ የነበረው ሕክምና በጀመሩ በ3ኛው ቀን ተሕዋሲው ከደማቸው ያልጠፋ ታካሚዎች ቁጥር መጨመሩና ሚውቴሽኑ የተተከለበት ተሕዋሲ በላቦራቶሪ ውስጥ ከመድኃኒቱ መትረፉ ነበር። በጤና ጣቢያ ውስጥ በ3ኛው ቀን የሚነበብ የደም ስላይድ፣ ምስል የማይሠራውን ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ የጤና ባለሙያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። የንክኪው የርቀት ወሰን ስንት ነው? ቅርጹ የተለካ ነው ወይስ የተተነበየ? ፕሮቲኑ የታየው በየትኛው ሁኔታው ነው፣ ብቻውን ወይስ ከሚሠራባቸው ጎረቤቶቹ ጋር? በዚያው ፕሮቲን ላይ ጉዳት እንደማያስከትሉ የታወቁ ለውጦች በተመሳሳይ ዘዴ ተቆጥረው ለማነጻጸሪያ ቀርበዋል? ግምቱ በላቦራቶሪ ተፈትኗል? በመጨረሻም በታካሚው ላይ የሚለካ ነገር ተለክቷል? ለመጀመሪያዎቹ መልስ ኖሮት ለመጨረሻው የሌለው ጽሑፍ ጥሩ መነሻ ሐሳብ ሊባል ይችላል፤ የሕክምና መመሪያን ለመለወጥ ግን አይበቃም።

ይህ ሁሉ የንክኪ ትንተናን ለማጣጣል የቀረበ አይደለም። የ85ኛውንና የ88ኛውን ኪስ ያሳየ ዘዴ ክብር ይገባዋል። ችግሩ ዘዴው ማስረዳት የሚችለውን ነገር ከሚያረጋግጠው ነገር ጋር መቀላቀል ነው። ሥዕሉ «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል፤ «ሆኗልን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ግን የሚገኘው በታካሚው አልጋ አጠገብ ነው።