ለምስክር የቆመ መሠዊያ፦ ስለ ሮናልድ ግራይምስ የሽግግር ሥርዐቶች

ሮናልድ ግራይምስ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዲፕሊ ኢንቱ ዘ ቦን» በተሰኘ መጽሐፉ ልደትን፣ ለአካለ መጠን መድረስን፣ ጋብቻንና ሞትን ይመረምራል። ዋና ሐሳቡ፣ ሰው በሕይወቱ የሚሻገራቸው ወንዞች ሥርዐት ካልተበጀላቸው ጉዳት ይተዋሉ፤ የወረስነው ሥርዐት ካልበቃም አዲስ ማበጀት ይቻላል የሚል ነው። መጽሐፉ የነገረ መለኮት ሥራ አይደለም፤ ቢሆንም መጋቢዎች ሊያነቡት ይገባል።

የመጀመሪያው ሐሳብ እኛን ይነካናል። ወንጌላውያን ክርስትና ማንሣትንና ተዝካርን ትተን ሕፃናትን ለጌታ ማቅረብን፣ የውሃ ጥምቀትንና የምስጋና ፕሮግራምን ይዘናል። ልብ በሉ፤ የምስጋና ፕሮግራሙን ያዘዘን የለም። ሲመረቁ፣ ቤት ሲሠሩ፣ ከሕመም ሲድኑ ምእመናን ራሳቸው ያበጁት ነው። (ምግቡ ስብከቱን የሚያስረሳበት ጊዜ መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው።) ነገር ግን ሥርዐት ያለን ለተገኘው ብቻ ነው። ከአረብ አገር ባዶ እጇን ለተመለሰች እህት፣ ትዳሩ ለፈረሰ ወንድም፣ ፅንስ ለጨነገፈባት እናት ምን አለን? ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ፅንስ ሲጨነግፍ ግን ሁለት እህቶች ጠይቀዋት «እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል» ብለው ይሄዳሉ፤ ልቅሶው ሳይለቀስ እሷው ዘንድ ይቀራል።

ከግራይምስ የምለየው በሁለተኛው ነው። እርግጥ የተፈጠረ ሥርዐት ሁሉ መልካም ነው አይልም፤ ሥርዐት መተቸት እንዳለበት አጥብቆ ያምናል። በእኔ ንባብ ግን ሚዛኑ ሥርዐቱ ለሰዎቹ ምን ሠራላቸው የሚል ነው። ይህ ለእኛ አይበቃም። ኢያሱ 22ን አንብቡ። ሮቤል፣ ጋድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ ማንም ሳያዝዛቸው ዮርዳኖስ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ ሠሩ፤ የቀሩት ነገዶችም ሊወጓቸው ተሰበሰቡ። ፊንሐስና ዐሥሩ አለቆች የጠየቁት መሠዊያው ልባቸውን ማሳረፉን አልነበረም፤ እግዚአብሔርን መተው እንደ ሆነ ነበር። መልሱ፣ መሥዋዕት ሊቀርብበት ሳይሆን ወንዝ የለያቸው ልጆቻቸው ከሕዝቡ እንዳይቆረጡ ምስክር እንዲሆን ነው የሚል ሆነ። ፊንሐስም ተቀበለው።

እንግዲህ ለዚያች እናት ሥርዐት ስታበጁ ዘይቱ ወይም ውሃው ማሕፀን ይከፍታል ከተባለ ወደ መሥዋዕት አልፋችኋል። ብቻዋን በጓዳዋ ብታደርገውም ጸሎት ነው፤ ምስክር ግን አይሆንላትም። ሽማግሌዎች ቤቷ ይሂዱ፤ ባሏም ይኑር። ለልጁ ስም አውጥተውለት ከሆነ በስሙ ይጠራ። መዝሙር 88 እስከ መጨረሻው ይነበብ። በዚያ ቀን ስለ ሌላ ልጅ ማንም አያንሣ።