ስድሳ እጅ፣ አርባ እጅ

ቀለሙ ፈዛዛ ነው። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ሲያደርጉት ከቢጫው ሥር ስስ አረንጓዴ ይታያል፤ ጠርዙ ግን ውሃ ይመስላል። ወይኑ የበቀለው በሰሜን ግሪክ፣ ከካቫላ በስተምዕራብ ባለው የፓንጌዮ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። እርሻው ቪቭሊያ ሆራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋሙት ቫሲሊስ ጻክጻርሊስና ቫንጌሊስ ጌሮቫሲሊዩ ናቸው። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ዝርያ አለ፦ 60 በመቶ ሶቪኞን ብላን፣ 40 በመቶ አሲርቲኮ። አንዱ ከፈረንሳይ የመጣ፣ ሌላው የግሪክ ተወላጅ። እኔን የያዘኝ ይህ ስፍር ነው።

አሲርቲኮ የሳንቶሪኒ ደሴት ልጅ ነው። እዚያ አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድና የተቦረቦረ ቀላል ድንጋይ ነው፤ ሸክላነት የለውም ማለት ይቻላል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓን ወይን የፈጀችው ፊሎክሴራ የምትባል ተባይ በዚህ አፈር ልትኖር አልቻለችም። ስለዚህ የደሴቱ ወይን ዛሬም በራሱ ሥር ይቆማል። ንፋሱ ብርቱ ስለሆነ ገበሬዎቹ ሐረጉን እየጠመዘዙ መሬት ላይ ቅርጫት ያደርጉታል፤ ዘለላው ውስጡ ተከልሎ ያድጋል። በሞቃት አገር ወይን ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ አሲዱ ይወርዳል። አሲርቲኮ ግን ስኳሩን ሞልቶ አሲዱን አይለቅም። ፓንጌዮ ተራራ ድረስ ያስመጣውም ይህ ጠባዩ ነው።

ሶቪኞን ብላን የሚያመጣው ሽታ ነው። አንዱ ሽታው አረንጓዴ ቃሪያ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ነው፤ ማመሳሰያ ብቻ አይደለም፣ ፓይራዚን የሚባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ውስጥ አለ። ፀሐይ ሲበዛበት ይቀንሳል። ሌላው የግሬፕ ፍሩትና የበሰለ ዘይቱን ሽታ ሲሆን ቲዮል ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይመጣል። እነዚህ ፍሬው ላይ አይሸቱም። ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቀው ይተኛሉ፤ ጭማቂው ሲፈላ የሚፈታቸው እርሾው ነው። በሊትር ውስጥ በግራም ቢሊዮንኛ የሚለካ መጠን ለአፍንጫ ይበቃል። አየር ካገኛቸው ደግሞ ይጠፋሉ። ወይን ጠማቂው ፍሬውን በብርድ የሚይዘው፣ በቀስታ የሚጨምቀው፣ በተዘጋ የብረት ታንክ ውስጥ ቀዝቀዝ አድርጎ የሚያፈላው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ከፍ ካለና ፍላቱ ከተጣደፈ ሽታው ከጋዙ ጋር ተያይዞ ይሄዳል።

ሶቪኞን ቀድሞ ይደርሳል። አሲርቲኮ ይዘገያል። በአንድ ቀን ለቅሞ በአንድ ታንክ መጣል አይቻልም፤ መጀመሪያ የደረሰው የኋለኛውን መጠበቅ አለበት። ከአተላው ተለይቶ የጠራው ወይን እየተቀመሰ የሚሰፈረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወይኑ ደረቅ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ ደረቅ አምጣልኝ የሚል ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ስኳሩን እርሾው በልቶ ጨርሶታል። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ መጀመሪያ የሚነሣው ሶቪኞን ነው፦ የሎሚ ልጣጭ፣ ግሬፕ ፍሩት፣ በሩቁ ቃሪያ። ሩብ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ሽታው ይለሰልሳል። ያኔ ምላስ ሥራውን ይረከባል። የአሲርቲኮው አሲድ በምላስ ዳርና ዳር ይሄዳል፤ ከተዋጠ በኋላ ምራቅ ይሞላል፣ አፍም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ስፍሩ ቢገለበጥ ኖሮ አፉ ላይ ይጠነክር ነበር፣ አፍንጫ ግን ብዙ አያገኝም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የዚያው እርሻ ሌላ ወይን ነው፣ ኦቪሎስ። እዚያ አሲርቲኮ የተጣመረው ከሌላ ፈረንሳዊ ዝርያ፣ ከሴሚዮን ጋር ነው። ስፍሩ እኩል ለእኩል ነው፤ ዕቃውም የኦክ በርሜል እንጂ ብረት አይደለም። የሴሚዮን ሽታ ዝግ ያለ ነው፤ ሰም ይመስላል፣ አፍ ላይ ግን ወፍራም ነው። ብዙ የሚሸሽ ሽታ ስለሌለው በእንጨቱ በኩል ቀስ ብሎ የሚገባውን ጥቂት አየር አይፈራም። የመጀመሪያው ወይን በርሜል ቢገባ ስድሳው እጅ ይከስር ነበር።