ከማሰሮው እስከ ፈተና ወረቀቱ

«እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ እንግሊዝኛው የእንግሊዝኛ መምህሩ ጉዳይ ነው።» ይህን የማትሰማበት የመምህራን ማረፊያ የለም። ድሬዳዋ ላይ ግን አባባሉ ሩቅ አያስኬድም። ከቀፊራ ሰፈር የሚመጣው ተማሪዬ ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ያወራል፣ ከጓደኛው ጋር በአማርኛ ይከራከራል፣ ገበያ ላይ ሦስቱንም ይቀላቅላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ስላደረገ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሳይንሱም ሒሳቡም ታሪኩም እንግሊዝኛ ይሆንበታል።

ብዙዎቻችን ችግሩ የቃላት እጥረት ይመስለናል። አይደለም። ልጆቹ «ኢቫፖሬሽን»ን በአንድ ቀን ይሸመድዱታል። የሚቸግራቸው ምክንያትን ከውጤት ጋር የሚያስተሳስረው ዓረፍተ ነገር ነው። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው፤ ወሬያችን ሁልጊዜ ፊት ለፊት የቆመ ሰው አለው። የመማሪያ መጽሐፉ ግን ማንንም አያናግርም። ማን እንዳደረገው ሳይናገር «ተደረገ»፣ «ታየ»፣ «ተለካ» ይላል። በካናዳ የሚሠራው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ በ1979 እ.ኤ.አ. የመግባቢያ ቋንቋንና የትምህርት ቋንቋን የለየው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው በሁለት ዓመት አካባቢ ሲለመድ ሁለተኛው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የእኛ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛን መንገድ ላይ እንኳ አይሰሙትም።

ስለዚህ ስለ ትነት ሳስተምር ከመጽሐፉ አልጀምርም። በድሬ ሙቀት የሸክላ ማሰሮ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? በቡድን ይወያዩ፤ በፈለጉት ቋንቋ። «ማሰሮው ያልበዋል» ይላል አንዱ። «ታዲያ የጀሪካኑ ውሃ ለምን አይቀዘቅዝም?» ትላለች ሌላዋ። ይህ ጥያቄ ወርቅ ነው፤ ፕላስቲክ ውሃ አያሳልፍም፣ ሸክላ ግን ያሳልፋል። ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ ነው እንግሊዝኛው የሚመጣው። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አብረን እንጠግነዋለን። «ማሰሮው ያልበዋል» የሚለው ቀስ በቀስ «ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ሞለኪውሎች ከገጹ ሲለቁ የቀሪዎቹ አማካይ ጉልበት ስለሚቀንስ ሙቀቱ ይወርዳል» ወደሚለው ይደርሳል። ቀጥሎ ሰሌዳው ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል። አያያዥ ቃላቱን ግን ግድግዳው ላይ እተውላቸዋለሁ።

ይህ ችግር የፊዚክስ ብቻ አይደለም። የሒሳብ ተማሪ «በ20 በመቶ ቀነሰ» እና «ወደ 20 በመቶ ቀነሰ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ካልለየ፣ ስሌቱን ቢያውቅም ነጥቡን ያጣል። የታሪክ መምህር ጓደኛዬም ተመሳሳይ ያያል። ልጆቹ «ባቡር መጣ። ከተማው ተመሠረተ። ሐረር ተራራ ላይ ነው።» ብለው ይጽፋሉ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ከታች ማለፉንና ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. በዚያ ምክንያት መቆርቆሯን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ግን የለም። ታሪኩ ያለው እዚያ አያያዡ ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ደነገጠ። ሁሉን በቋንቋ ማሳበብ ልክ አይደለም፤ ቋንቋውን መዝለልም እንዲሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የምናስታውስ እናውቀዋለን። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ለእኛ የቀረው የክፍለ ጊዜው መነሻና መድረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ተማሪ ሐሳቡን አፉ ውስጥ የሚያመላልስበት ጊዜ አልነበረም።

«በዚህ አካሄድ ፖርሽን አያልቅም» ይሉኛል ባልደረቦቼ። ትክክል ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ጊዜውን የማገኘው ኖት ማስገልበጥን በመቀነስ ነው። ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ ማስቀዳት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ የተቀዳውም በአብዛኛው ያው መጽሐፉ ላይ ያለው ነው።